ያልተፈረመበት ፖስታ

ሚስቱ የሞተችበት ሰው ስምንት ወር ሙሉ ስለ አንድ የእንጨት ፈረስ ሲያስብ ከረመ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? አታምኑም፤ አይፈረድባችሁም። አራሚው ግን እንደዚያ ነበር። ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል፣ የሰው መጽሐፍ ያርማል፣ ምሳውን ይበላል፣ አውቶቡስ ላይ ቆሞ ይመለሳል፣ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ያወልቃል። በዚህ ሁሉ መሃል በጭንቅላቱ ውስጥ የሚመላለሰው አንድ ነጭ የቼዝ ፈረስ ነው። ማልቀስማ የት አለና። በቀብሩ ቀን ሰው ሁሉ ትከሻውን እየያዘ "አይዞህ፣ አውጣው፣ በሆድህ አትያዘው" ሲለው፣ የሚያወጣው ነገር ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ። ራሱን እየነቀነቀ "እሺ" ይላቸው ነበር።

ሥራው ላይም ያው ነው። ባለፈው ወር አንድ የተማሪዎች መጽሐፍ በእጁ አልፎ፣ ከገጽ መቶ አሥራ ሁለት ወደ መቶ አሥራ አራት ዘሎ ታተመ። ያስተዋለችው የጥራዝ ክፍሏ ሴትዮ ናት። ለአለቃ ሳትናገር ወረቀቱን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት፣ ትንሽ ቆማ ፊቱን አየችና ሄደች። ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ነጥብ አምልጣው የማታውቅ ሰው እኮ ነው። ማፈር ነበረበት፤ አላፈረም። አለማፈሩ እንኳ ሊያስደነግጠው ይገባ ነበር፤ እሱም አላስደነገጠው።

አሁን ወደ ፈረሱ። የቼዝ ባላጋራው አማቱ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ሲለኩ ኖረው ጡረታ የወጡ ቀያሽ። ብቻቸውን ሲቀሩ ልጃቸው ዘንድ ገቡ፣ የኋለኛውን ክፍል ያዙ፣ ከልብሳቸው ቀድሞ የገባው የቼዝ ገበታቸው ነበር። አራሚውን ጨዋታውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ያስተማሩትም እንደ ቅየሳ አድርገው ነው። መጀመሪያ ሊሄዱ የሚችሉትን ሁሉ ወረቀት ላይ ዘርዝር ይሉታል፤ አንዱንም ሳታሰላ ዘርዝር። ከዚያ አንዱን ያዝና እስከ መጨረሻው ተከተለው፣ ጨርሰው፣ ምልክት አድርግበት፣ ወደ ሁለተኛው እለፍ። ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ የሚያስብ ሰው ችካል ሳይተክል መሬት እንደሚለካ ቀያሽ ነው፣ ሲመሽበት የጀመረበት ላይ ቆሞ ይገኛል እያሉ ይቀልዱበታል።

ቤቱ ውስጥ የጨዋታው ሕግ ሁለት ነበር። አንደኛው ስለ ፖስታው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ይጫወታሉ፤ ካላለቀ፣ ተራው የሆነው ሰው የሚሄደውን ወረቀት ላይ ይጽፍና ፖስታ ውስጥ ያሽገዋል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱም ባሉበት ይከፈታል። ተራው ላይ እያለ ከገበታው የሚነሣም ሰው እንደዚያው ጽፎ አሽጎ ነው የሚነሣው። ፖስታውን የምትይዘው ልጅቱ ናት፤ የአንዱ ሚስት፣ የአንዱ ልጅ። ሁለቱም እርስ በርስ አይተማመኑም ነበርና ክዳኑ ላይ አቋርጣ ትፈርምና ከቀይ እርሳሶቿና ከጠመኔዋ ጋር መሳቢያዋ ውስጥ ትቆልፈዋለች። የሂሳብ አስተማሪ ነበረች። ክፍሌ ውስጥ ያሉት ስልሳ ልጆች ተደምረው እናንተን ሁለታችሁን አያህሉም ትላቸው ነበር፣ በማጭበርበር።

ሁለተኛው ሕግ ዝምታ ነው። ተራው ሆኖ የሚያስብ ሰው አይናገሩትም። አይስሉበትም፣ ወንበር አያንቋቁበትም። ይህን ሕግ ያወጡት ቀያሹ ናቸው፤ አንድ ጊዜ እያሰቡ ሳለ ልጃቸው "ሻይ ላፍላ?" ብላቸው ግንብ የሚባለውን ጠጠራቸውን በነፃ አስበሉ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ ሆነ። ለአራሚው ግን ሕጉም አያስፈልገውም ነበር። እሱ ሲያሰላ ጆሮው አብሮት አይቀመጥም። ቤቱ ቢቃጠል "አንድ ደቂቃ" ይላል እያለች ሚስቱ ለጎረቤት ሁሉ ታወራበት ነበር፤ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ነገር እንግዲህ እንዲህ ነው። አሥር ሰዓት አካባቢ ተራው የአራሚው ሆነ። ነጭ ይዟል፣ ገበታው ተወሳስቧል፣ ሁሉም ነገር ከሁሉም ነገር ጋር ተያይዟል። ከዚያ ወዲህ ያለውን የሚያስታውሰው በቁርጥራጭ ነው። የሚስቱ ድምፅ ከመኝታ ቤት፣ "እስቲ ና፣ ራሴን…"። የራሱ ድምፅ፣ "መጣሁ"። ቀጥሎ የሚያስታውሰው መኝታ ቤቱን ነው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ አንድ እግሯ ጫማ አድርጓል፣ አንዱ አላደረገም፣ የቱ ጫማ የቱ እግር እንደሆነ ግራ ገብቷታል። በመሃል ያለው የለም። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሐኪሙ ሕመሙ መቼ እንደጀመራት ጠየቀ። አራሚው አሁን ገና ነው፣ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ቢሆነው አለ። አማቱ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አጠገቡ ቆመው ነበር፤ ትንፍሽ አላሉም። ሰኞ ጠዋት አረፈች። ሐኪሙ ቀደም ብላችሁ ብታመጧትም ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም አላቸው። ማጽናኛ ይሁን ወቀሳ አልለየላቸውም።

ከሳምንት በኋላ አራሚው የጨዋታውን ወረቀት አየው። ቀያሹ የድሮ ልማዳቸው አልለቃቸው ብሎ ገበታው አጠገብ ካለው የቼዝ ሰዓት እያዩ ከእያንዳንዱ እርምጃ ጎን የፈጀውን ደቂቃ ይጽፋሉ። ከመጨረሻው፣ ከእሱ ተራ ጎን፣ በቀጭን እርሳስ "43" ተጽፏል። አርባ ሦስት ደቂቃ። ድምፅዋን ሰምቷል፤ "መጣሁ" ብሏል፤ ከዚያ አርባ ሦስት ደቂቃ ተቀምጧል። ጭራሽ የደነዘዘው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረው። ምን ጽፎ እንዳሸገ አያስታውስም። በአውቶቡስ፣ በምሳ ሰዓት፣ በሰው መጽሐፍ መስመር መሃል ከነጩ ፈረስ እየጀመረ ያችን ገበታ እያሰላ ምን ጽፌ ይሆን ይላል። ነገሩ ከባድ አይደለም። አንድ በጣም ጥሩ እርምጃ አለ፤ ጥሩነቱ የሚታየው ግን ሌሎቹ ሁሉ አንድ በአንድ እስከ ጫፍ ተሰልተው ካለቁ በኋላ ነው። ፖስታው ውስጥ ያለው እሱ ከሆነ፣ እንግዲያው ሚስቱ እየተጣራች ተረጋግቶ ቁጭ ብሎ፣ ዘርዝሮ፣ አስልቶ፣ መርጦ ነው የተነሣው። ሌላ ከሆነ፣ ምናልባት ስሌቱን ሳይጨርስ የተነሣ ሌላ ሰው ነበር። የሚያስፈራው ደግሞ ባሰላ ቁጥር ጥሩውን ማግኘቱ ነው፤ ዛሬ ካገኘሁት ያን ቀንም አግኝቼዋለሁ ይላል። ለምን አይከፍተውም? ሕግ ነው፣ ሁለታቸውም ሳይኖሩ አይከፈትም። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቶ ነው።

ስምንት ወር ቀያሹ ገበታውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ክፍላቸው ውስጥ አስቀመጡት። አቧራ ሲጠርጉ እንኳ ጠረጴዛውን አያንቀሳቅሱትም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቤት እየኖሩ ስለ ዳቦው፣ ስለ ውኃው ቧንቧ፣ ስለ በሩ ቁልፍ ያወራሉ፤ ስለዚያ ቅዳሜ ጭጭ። በመጨረሻ ወንድ ልጃቸው ሌላ ከተማ ወዳለው ቤቱ ሊወስዳቸው ተነሣ። እሳቸውም እሺ አሉ፣ ብቻ ጨዋታው ይለቅ አሉ።

ልጁ በመኪና አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሏል። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሻንጣቸው በገመድ ታስሮ በር ሥር ቆሟል፣ አልጋቸው ተገፏል። ቀያሹ ጨርቁን ከገበታው ላይ በአራት ማዕዘኑ ይዘው አነሡት፣ አጣጠፉት፣ ተቀመጡ። አራሚው ከሚስቱ መሳቢያ ፖስታውን አመጣ። መሳቢያው ሲከፈት የጠመኔ ሽታ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ሆዱ ይባባ ነበር፤ እሱ ጠመኔ መሆኑን ብቻ ነው ያወቀው።

ሽማግሌው ፖስታውን ገልብጠው ክዳኑን አዩ። ፊርማ የለበትም፤ ያን ቀን ልትፈርም አልቻለችም፣ መሳቢያው ውስጥ የገባው እንዲሁ ነው። ከስንት ዓመት ፖስታ ፊርማ የሌለበት እሱ ብቻ ነው። አራሚው እንደ ሕጉ ከሆነ ያልተፈረመበት አይቆጠርም፣ እኩል ለእኩል ብለን እንተወው አላቸው። ልባቸው እሺ እንዲል ፈልጎ ነበር። እሳቸው አይሆንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ መጀመሪያ እንደ ወጉ ልገምት አሉ። ወጋቸው ነው፤ ፖስታ ከመከፈቱ በፊት ባላጋራው በውስጡ ያለውን ይገምታል።

ሦስት ነው የማየው ብለው ጀመሩ፣ ጣታቸውን ከገበታው በላይ አንሳፍፈው። አንደኛ፣ ፈረሱ ከጥቁሩ ንጉሥ ፊት፣ ዳር ያለውን ወታደር ይበላል፤ ቼክ ነው። ጥቁሩ ፈረሱን ይበላዋል። ንግሥቲቱ የበላውን በልታ ትገባለች፣ ጳጳሱ ይከተላታል፣ በአምስተኛው እርምጃ ላይ ንግሥቲቱ አንድ ወደ ኋላ፣ አንድ ወደ ጎን ተመልሳ ቼክ ትላለች። ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንደኛው ነጭ ያሸንፋል፣ በሌላው ጥይቱ ያልቅበታል። ሁለተኛ፣ ግንቡን ወደ ክፍቱ አምድ ማምጣት፤ ግንብ በግንብ ይበላላል፣ ገበታው ይደርቃል፣ ለማንም አይሆንም። ሦስተኛው የነጩ ንጉሥ ነው። አንድ ቤት ወደ ጥግ ይጠጋል። ሲያዩት ምንም ያልተሠራ ይመስላል። ግን ንጉሡ ከጥቁሩ ጳጳስ መስመር ላይ ከወረደ፣ ያ ለሁለት ተከፍሎ የነበረው መንገድ አንድ ይሆናል፤ ፈረሱ በሚቀጥለው ይገባል፣ የሚያድነኝ የለም።

"ንጉሡን ወደ ጥግ" አሉ። "እሱን ጽፈህ ከሆነ አለቀልኝ።"

አራሚው እንጃ አለ። እውነቱን ነው።

በአውራ ጣቱ ክዳኑን ቀደደው። ወረቀቱ አንድ ጊዜ እንኳ በወጉ አልታጠፈም፣ ተጨማዶ ነው የገባው። የራሱን ጽሕፈት አወቀው። እርምጃ የሚጽፉት በቀያሹ መንገድ ነው፣ አምዱ በፊት ረድፉ በኋላ። "ንግሥት 7-5" ይላል። ሦስት ጊዜ አነበበው፣ እንደ ሥራው። ከዚያ ገበታውን አየ። ሰባተኛው አምድ አምስተኛው ረድፍ ባዶ ቤት ነው፤ በሰያፍ ያ ዳር ያለው የጥቁር ወታደር ቆሟል። ንግሥቲቱ እዚያ ብትሄድ ወታደሩ በነፃ ይበላታል። ትናንት ቼዝ የጀመረ ሰው እንኳ አይሄዳትም። ሽማግሌው ከዘረዘሯቸው ሦስት መነሻዎች ውስጥ የለችም።

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው አነበቡት። ገበታውን አዩ። ጣታቸውን ፈረሱ ላይ አደረጉና ምንም ሳያንቀሳቅሱ በአየር ላይ መቁጠር ጀመሩ። አንድ፣ ፈረስ። ሁለት፣ ንግሥት። ሦስት፣ አራት። አምስት ላይ ጣታቸው ባዶው ቤት ላይ ወረደ፤ ሰባት አምስት። በዚያ ጊዜ ወታደሩ ከተበላ ቆይቷል፣ ንግሥቲቱን የሚነካት የለም፣ ቼክ ናት።

"የምትሄደውን አይደለም የጻፍከው" አሉት። "የደረስክበትን ነው።"

አራሚው ገባው። በመጀመሪያው መንገድ ላይ፣ አምስተኛው እርምጃ ላይ ነበር። ንግሥቲቱን በሐሳቡ እዚያ አስቀምጦ፣ መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ላይ ቆሞ ሳለ ሰማት። ሌሎቹን ሁለቱን አልነካቸውም። ንጉሡን አላየውም። በጭንቅላቱ ያለውን፣ እጁ የመጣለትን ጽፎ፣ ፖስታ ውስጥ ጠቅጥቆ ተነሣ። ጉድ ነው መቼም፤ እየሮጠ እንኳ ፖስታውን አሽጓል።

"ተነሥቻለሁ ማለት ነው" አለ።

ተነሣህ እንጂ አሉት፤ ወንበሩን ገልብጠህ ነው የሮጥከው፣ ያነሣሁትም እኔ ነኝ።

የተሰማው ደስታ ነው እንዳይባል ደስታ አይደለም፤ ጫማ ሲወልቅ እግር ላይ የሚሰማ ዓይነት ነገር ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን አራሚ ነውና ያልገጠመው ነገር ታየው። ወረቀቱ ላይ አርባ ሦስት ደቂቃ ይላል እኮ አላቸው። እንደሰማሁ ከተነሣሁ አርባ ሦስቱ ከየት መጣ?

ቀያሹ መነጽራቸውን አወረዱ፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ያለ መነጽር ፊታቸው ሌላ ነው።

"ሦስት ጊዜ ነው የተጣራችው" አሉ። "የመጀመሪያው ገና ማሰብ ስትጀምር ነው። ሁለተኛው መሃል ላይ። ስታስብ እንደማትሰማ አውቃለሁ። ሦስተኛውን ሰማህ፣ ሄድክ። ስምንት ወር ትጠይቀኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ተራህ ነበራ። የሚያስብ ሰው አይናገሩትም ብዬ ዝም አልኩ።" ከዚያ የቀረውን ጨመሩበት። "እሺ አንተን አልናገር። እኔን ምን ያዘኝ? ተራዬ አልነበረም። እጄም እግሬም ነፃ ነበር። ተነሥቼ ልጄ ዘንድ መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም። ንጉሡን ታገኘው እንደሆነ እያየሁ ነበር።"

በአራሚው ውስጥ፣ ስምንት ወር ምንም ያልገባበት ቦታ ላይ፣ ንዴት ገባ። ንዴት መሆኑን እንኳ ወዲያው አልለየውም፤ የሚያቃጥል ነገር ነው ያለው። እጁን ዘርግቶ ንግሥቲቱን አነሣ፣ ፖስታው እንዳለው ሰባት አምስት ላይ ቁጭ አደረጋት፣ ከዚያ የቼዙን ሰዓት በመዳፉ ተጫነው። ስምንት ወር ቆሞ የነበረው ሰዓት መምታት ጀመረ። ተራው የሽማግሌው ሆነ። ክፋት ነው፣ ክፋት መሆኑንም ያውቃል።

ሽማግሌው አንገታቸውን አቀረቀሩ። ንግሥቲቱን ለመብላት አንድ ወታደር ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። እጃቸው ከጭናቸው ላይ አልተነሣም። አምስት ደቂቃ ሆነ፣ አሥር። አራሚው መሃል አናታቸውን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል። አሥር ደቂቃ ይህን ያህል ረጅም መሆኑን እስከዛሬ አያውቅም ነበር። አርባ ሦስት ሲሆን ስንት እንደሚሆን ለማሰብ ሞከረ፤ አልቻለም፣ ተወው።

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ልጁ ቀድሞ ደርሶ ነው። አራሚው ሰማ። ሽማግሌው አልሰሙም፣ ወይም የሰሙ አይመስሉም፤ ዓይናቸው ንግሥቲቱ ላይ እንደተተከለ ነው። ተራው የእሱ አይደለም። እጁም እግሩም ነፃ ነው። አልተነሣም። ዝም ብሎ መቀመጥ ምንም አይጠይቅም ነበር፤ ለካ እንዲህ ቀላል ነው። የሚመጣው ይምጣ፣ የሚጠራው ይጥራ፣ እሳቸው ምን እንደሚያደርጉ ልይ ብሎ ቁጭ አለ። ይህን ሲል ደግሞ ራሱን ሰማ።

ጥሩምባው ሁለተኛ ጮኸ።

"አባባ" አለ አራሚው። "አባባ፣ እየጠሩን ነው። ይነሡ።"

ሽማግሌው ቀና አሉ። ዓይናቸው ርሷል።

"ተራዬ ነው እኮ" አሉ።

"አውቃለሁ። ይሁን፤ ይነሡ።"

ብብታቸውን ይዞ አስነሣቸው። ይቅር አላላቸውም፤ እሱ ገና ነው፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅም አያውቅም። በአንድ እጁ ሻንጣውን፣ በአንድ እጁ እሳቸውን ይዞ በኮሪደሩ ሲያልፍ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ሁለቱም ቆም አሉ። ያኔ ነው አራሚው ማልቀስ የጀመረው፣ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ። የኋለኛው ክፍል ውስጥ ሰዓቱ በጥቁሩ ላይ መቁጠሩን ቀጠለ፤ ተመልሶ ያቆመው አልነበረም።